ቢተሬ የቀጠነበት ምክንያትና መፍትሔው
ቢተር የተባለውን የእንግሊዝ ቢራ በከረጢት ዘዴ (ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ በሙቅ ውሃ በመዘፍዘፍ) ስጠምቅ፣ የፈሳሹን ጥግግት ለክቶ ከብቅሉ የወጣውን ስኳር የሚያሳየው ሃይድሮሜትር 1.030 ላይ ይቆምብኝ ነበር፤ የምፈልገው 1.038 ነው። ማሪስ ኦተር የተባለው የገብስ ብቅል ደህና፣ የመዘፍዘፊያው ሙቀትም 67 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከረጢቱ ውስጥ ካለው ብቅል ጥቂት ፍሬ አንስቼ በጥፍሬ ስከፍለው ግን መሃሉ ነጭና ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ከሱቅ ተፈጭቶ የመጣው ብቅል እጅግ ሻካራ ስለነበር ውሃው ውስጡ አልደረሰም፤ ስኳሩም በሙሉ አልወጣም።

በዚህ ዘዴ ጨርቁ ራሱ ማጥለያ ስለሆነ ብቅሉን አልሞ መፍጨት አያስፈራም። ለቀጣዩ ጥመቃ ወፍጮውን አጥብቤ ራሴ ፈጨሁ፤ በየመሃሉ እያማሰልኩ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያም ከረጢቱን አንጠልጥዬ አጥብቄ ጨመቅኩት። መጭመቅ ታኒን (ከብቅሉ ገለባ የሚወጣ አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር) ያወጣል የሚለውን አልቀበልም፤ ታኒን በብዛት የሚወጣው የውሃው አሲድነት ሲቀንስና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነው።

ንባቡ 1.038 ደረሰ። ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ የተባለውን ሆፕስ (ለምሬትና ለመዓዛ የሚጨመር አበባ) መጠን አልነካሁም።