የአባት ካሜራ እንዳይሞትባችሁ፦ ጣና ዳር ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው መስከረም አንድ ወጣት ካሜራ ይዞ መጣ። በፌስታል ጠቅልሎታል። ፌስታሉ ሲፈታ የቆዳ ቦርሳ፣ ቦርሳው ሲከፈት ዜኒት-ኢ። አባቱ ሞስኮ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት ነው። «ጋሼ፣ እሳቸው ካረፉ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን አቧራ አላስነካሁትም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አቧራ አልነካውም። ሌንሱን ፈትቼ ከኋላ በስልክ መብራት ሳበራበት ግን ውስጡ የሸረሪት ድር መስሏል። ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሐል የሚሄድ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር። ሻጋታ ነው። ልጁ ፊቴን አይቶ ገባው።

የራሺያ ካሜራ ለባሕር ዳር እንግዳ አይደለም። ፖሊ፣ የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ፣ ራሱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። በደርግ ጊዜም ብዙ ሰው ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ተምሯል። ዛሬ ልጆችና የልጅ ልጆች እነዚያን ካሜራዎች ከቁም ሳጥን እያወጡ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ። ደስ ይለኛል። ግን ያው ስህተት፣ ያው ጉዳት ደጋግሞ ሲመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቦርሳው ውስጥ አድርጎ ክረምቱን ማሳለፍ

ይሄን ረዘም አድርጌ ልናገረው። ወድቆ ከተሰበረ ካሜራ ይልቅ ተቀምጦ የሞተ ካሜራ ነው በብዛት የማየው።

የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ክረምት ሲገባ ጨው ውሃ ይቋጥራል፣ ግድግዳ ይወረዛል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ያወጣል። ጫማችሁ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ሌንሳችሁ ላይም ይወጣል። ሻጋታ የሚወደው እርጥበት፣ ጨለማና የታፈነ አየር ነው። የቆዳ ቦርሳ ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። ቆዳው ራሱ እርጥበት መጥጦ ይይዛል። በላዩ ላይ ፌስታል ሲጨመርበት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ሰው ካሜራውን የጠበቀ እየመሰለው ለሻጋታ ቤት ይሠራለታል ማለት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፤ የሚበላሹት ከሁሉም በላይ የተሳሳላቸው ሰው እጅ ላይ ያሉት ናቸው።

ሻጋታ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እያደገ ሲሄድ የሚያመነጨው አሲድ የሌንሱን ቅብ ይበላል። በጊዜ ከተደረሰበት ሌንሱን የሚፈታ ሰው ያጸዳዋል። ከቆየ ግን ሻጋታው ቢጠፋም ጠባሳው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስታነሱ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቦርሳውን ለብቻው አስቀምጡት፤ ለጉዞ ብቻ ይውጣ። ካሜራውንና ሌንሱን ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው፣ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የምግብ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። ውስጡ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ፍሬ) አድርጉ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ40 እስከ 50 ከመቶ ላይ ይሁን። ከ60 ሲያልፍ ለሻጋታ በር ተከፈተ በሉ። ከጫማ ካርቶን የምታወጧት ትንሽ ከረጢት ለአንድ ክረምት አትበቃም፤ ፍሬውን በብዛት ፈልጉ። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይዞራል። በዝግተኛ እሳት ብረት ምጣድ ላይ ስታምሱት ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ምጣድ ግን ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ። ሰማያዊ ያደረገው ኮባልት ስለሆነ መርዝነት አለው። ስታምሱም መስኮት ክፈቱ።

ሩዝ አትጨምሩ። ፎገራ አጠገባችን ስለሆነ ሩዝ አይጠፋም፤ ብዙ ሰው «እርጥበት ይመጥጣል» ብሎ ይከተዋል። የሩዙ ዱቄት ግን ካሜራው ውስጥ ይገባል። ለሻጋታውም ምግብ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አውጡት። ቡና እስኪፈላ ይበቃል። ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ በየፍጥነቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተኩሱ። ሌንሱን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። አየር ይንካው። ስትመልሱት ሻተሩ ተስቦ እንዳይቀመጥ፤ ስፕሪንጉ ተወጥሮ ይከርማል።

ዘይት ጠብ ማድረግ

ሻተሩ ሲዘገይ ወይም ሌንሱ ሲጠጥር የስፌት መኪና ዘይት ጠብ የሚያደርግ ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። ውስጥ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማነስ አይደለም። አሮጌው ቅባት ደርቆ እንደ ማር ስለወፈረ ነው። አዲሱ ዘይት እሱን አሟሙቶ የማይገባበት ቦታ ያደርሰዋል፤ የአፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ያለው፣ የሚጠብና የሚሰፋ የብርሃን ቀዳዳ) ስስ ቅጠሎች ላይ፣ የሻተሩ የጨርቅ መጋረጃ ላይ። የዜኒቱ ሄሊዮስ 44-2 ላይ አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቅጠሎቹ ዘይት ቢነካቸውም ይንቀሳቀሳሉ። የጃፓን ሌንሶች ላይ ግን ቅጠሎቹ በቅጽበት መዘጋት አለባቸው። ዘይት ካጣበቃቸው ዘግይተው ይዘጋሉ፣ ፎቶው ሁሉ ብርሃን ይበዛበታል። መድኃኒቱ ፈትቶ አሮጌውን ቅባት ማጠብ ነው። ያም ለሙያተኛ ይተው።

ሌንስን በነጠላ መጥረግ

ነጠላ ለስላሳ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ የባጃጅ አቧራ ሲጠጣ የዋለ ነጠላ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። መስታወቱን የሚጭረው እሱ ነው። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ ካልለቀቀ ብቻ በሌንስ ወረቀት። ፈሳሹን ወረቀቱ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አታንጠባጥቡ፤ በጠርዙ ሾልኮ ውስጥ ይገባል። ከመሐል ወደ ዳር እያዞራችሁ፣ ሳትጫኑ።

ካሜራው ውስጥ ከሌንሱ ኋላ ያለውን፣ ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልሰውን መስታወት ደግሞ ፈጽሞ አትጥረጉት። ቅቡ ከላይ ነው፣ ይላጣል። እዚያ ላይ ያለ አቧራ ፎቶው ላይ አይወጣም።

ፌድንና ዞርኪን ወደ ፀሐይ አዙሮ ማንጠልጠል

ዜኒት ውስጥ መስታወት ስላለ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ፌድና ዞርኪ የሚባሉት የራሺያ ካሜራዎች ውስጥ ግን በሌንሱና በሻተሩ ጨርቅ መካከል ምንም የለም። ሌንስ ማለት ደግሞ አጉሊ መነጽር ነው። ልጅ ሆነን በመነጽር ወረቀት አቃጥለን የለ? እሱ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄድ ፌዱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ሌንሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ወሬ ያዘ። ክዳን የለውም። ርቀቱ መጨረሻው ላይ ነበር፣ አፐርቸሩም ሙሉ ክፍት። ከዚያ ቀን በኋላ ያነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ እዚያው ቦታ ነጭ ነጥብ ይወጣ ጀመር። ጨርቁን ወደ መብራት አድርገን ስናየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ ቡናማ ሆኖ ያረረ። የሐይቁ ላይ ፀሐይ በ1,800 ሜትር ከፍታ ቀልድ አያውቅም። ክዳን ግዙ። ከሌለ ሌንሱን ወደ ደረታችሁ አዙራችሁ ያዙ።

ዞርኪ-4 ወይም ፌድ ላይ ፍጥነት መቀየር ከፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሻተሩን ሳቡ፣ ከዚያ ቁጥሩን ቀይሩ። ተገላብጦ ከተሠራ ውስጡ ይጎዳል።

ፊልሙ መያዙን ሳያረጋግጡ ማንሳት

ይሄ የራሴ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ጥር 11 ቀን፣ ጥምቀት። ከንጋቱ ጀምሮ ታቦታቱ እስኪመለሱ ድረስ አነሳሁ። አያቴ ነጭ ለብሳ፣ ጸበሉ ፊቷ ላይ እየወረደ ስትስቅ አንስቻታለሁ። ቆጣሪው 36 ላይ ደረሰ። ጠቅልዬ አሳጠብኩት። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። የፊልሙ ጫፍ ከሚቀበለው ጥቅል ላይ ሾልኮ ኖሯል፤ አንድም ፍሬም አልተሳበም። ቆጣሪው የሚቆጥረው የእጄን ሥራ እንጂ ፊልሙን አይደለም። አያቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥምቀት አላየችም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፊልሙን ካስገባችሁና ጀርባውን ከዘጋችሁ በኋላ በግራ በኩል ያለውን መጠቅለያ በቀስታ ወደ ቀስቱ አዙሩት፤ ፊልሙ ሲወጠር ይቆማል። ከዚያ ቀጣዩን ፍሬም ስትስቡ ዓይናችሁ መጠቅለያው ላይ ይሁን። አብሮ ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ክፈቱና እንደገና አስገቡ። በየፍሬሙ ማየት ልማድ ይሁን።

መጨረሻ ላይ መሳቢያው እምቢ ሲል አትታገሉት። ፊልሙ አልቋል። ከታገላችሁት ጥርሱ የሚይዝበት ቀዳዳ ይቀደዳል።

የሐይቁን ነጸብራቅ ማመን

ከዜኒት-ኢ ግንባር ላይ ያለው የንብ እንጀራ የሚመስለው መስኮት ላይት ሜትሩ፣ ማለትም የብርሃን መለኪያው ነው፤ ስሩ ሴሊኒየም አለ። ባትሪ አይፈልግም፤ ብርሃኑን ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ግን ያረጃል። መርፌው ተንቀሳቀሰ ማለት እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። ደህና ቢሆን እንኳ ሐይቁ ያታልለዋል። ታንኳ ላይ ያለ ሰው ስታነሱ ላይት ሜትሩ የሚያየው የውሃውን ብልጭታ ነው። «ብርሃን በዝቷል፣ ዝጉ» ይላችኋል። ስትዘጉ ሐይቁ ያምራል፣ የሰውዬው ፊት ግን ከሰል ይሆናል። ነጭ ነጠላም እንደዚሁ ነው።

የድሮው ሕግ ይሻላል። ፀሐይ በጠራችበት ቀን አፐርቸር 16፣ ፍጥነቱ ከፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ጋር የሚቀራረበው ቁጥር። የ200 ፊልም ከሆነ ዜኒት ላይ 250። ይህ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት ነው። ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ወይም ፊቱ ባርኔጣ ጥላ ውስጥ ከሆነ አፐርቸሩን ወደ 8 ክፈቱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ዛፍ ጥላ ስር 5.6 ወይም 4። ስትጠራጠሩ ክፈቱ። የከለር ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ምንም አይቀርለትም።

አጫጭሮቹ

ጢስ እሳት ፏፏቴ ስር ሌንስ አትቀይሩ።

ገዳማት ውስጥ ፍላሽ አታብሩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ሥዕሎች ከእኛ በኋላም ብዙ ትውልድ ያያቸዋል። ፍላሹም ሥዕሉ ላይ ነጭ ጨረር ጥሎ ከማበላሸት በቀር አይጠቅማችሁም። አስፈቅዱ፣ 400 ፊልም ያዙ፣ ምሰሶ ተደገፉ፣ ትንፋሽ ያዙ።

በአውሮፕላን ስትሄዱ ፊልም የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። በእጅ ያዙና በእጅ እንዲፈተሽላችሁ በትሕትና ጠይቁ። አዲሶቹ የሲቲ (CT) የኤክስሬይ መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ።

ፊልም ከፍሪጅ ስታወጡ ማሸጊያውን ወዲያው አትክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

የድሮ የጃፓን ካሜራ ከገዛችሁ የጀርባ በሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣታችሁ ንኩት። እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል። ጥረጉትና በቀጭን ጥቁር ክር ወይም በስስ ስፖንጅ ተኩት።

«ፊልም ይኖረው ይሆን?» ብሎ ጀርባውን መክፈት

የተወረሰ ካሜራ ሰው እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው ይሄ ነው። በአንድ ሰከንድ ብርሃን ገብቶ ያለውን ያጠፋዋል። ከመክፈታችሁ በፊት መጠቅለያውን ወደ ቀስቱ በቀስታ አዙሩ። ያለ ምንም ተቃውሞ ዝም ብሎ ከዞረ ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ቆሞ ከያዛችሁ ፊልም አለበት። ዜኒት ላይ የማንሻውን ቁልፍ የከበበውን ቀለበት ወደ ታች ተጭናችሁ፣ ሳትለቁት፣ መጠቅለያውን አዙሩ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ቀለል ይላል። ያኔ ትንሽ ጨምሩበትና ጨለማ ክፍል ውስጥ ክፈቱ።

የዚያ ልጅ ዜኒት መጠቅለያ ሲዞር ያዘኝ። ልጁ አልከፈተውም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ጠቅልለን ጥቁር-ነጭ ፊልም ለሚያጥብ ሰው አዲስ አበባ ላክነው። ሻጋታውና ዕድሜው ብዙውን በልቶታል። አራት ፍሬም ወጣ። ሦስቱ ዘንባባ ያለበት መንገድ ነው። አራተኛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሳይክል ተደግፋ፣ ሐይቁን ጀርባዋ አድርጋ ቆማለች።

ልጁ ፎቶውን ይዞ ቤት ሄደ። ማታ ደወለልኝ። «እማዬ ናት» አለ። «ሳይክሉን እንኳ የማን እንደነበር ነገረችኝ።»

ሌንሱ አሁንም እኔ ጋ ነው። የፊተኛው መስታወት ጸድቷል፤ የኋለኛው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ጥቅምት ላይ ወስዶ ያነሳበታል።