ያገለገለ ሃይብሪድ መኪና ግዢና አያያዝ፣ አቧራማ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ መኪና ፈላጊው ቀድመው ወደገቡት ፊቱን ማዞሩ የሚጠበቅ ነው። ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን ወይም ከኮዬ ፈጬ በየቀኑ መሐል ከተማ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ቤንዚን የሚቆጥብ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ሶኬት ሳይፈልግ ራሱን የሚሞላ ያገለገለ ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በባትሪ ኤሌክትሪክ እየተጋገዘ የሚሄድ መኪና፣ ማራኪ ምርጫ ነው። ገዢው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ባትሪው ሲተነፍስ የኖረው ምን ዓይነት አየር ነው?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ በምሳሌነት የምወስደው ቶዮታ ፕሪየስን፣ በተለይም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2009 የተመረተውን ሁለተኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ እስከ 2015 የቀጠለውን ሦስተኛውን ነው። የሁለቱም ዋና ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ የተቀመጠ፣ 28 ሞጁሎች (ትንንሽ የባትሪ ክፍሎች) ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት የኒኬል ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሲሠራ ይሞቃል፣ የሚቀዘቅዘውም ተሳፋሪው በሚተነፍሰው አየር ነው፤ ከኋላ ወንበር መደገፊያ በስተቀኝ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፍርግርግ የአየር መግቢያው ናት። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ለኒኬል ባትሪ ከቆላ ከተሞች እጅግ የተሻለ መጠለያ ነው፤ ሆኖም አስፋልት ያልደረሰው የዳር ሰፈር አቧራ ያንን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል።

እኔ ራሴ ሁለተኛውን ትውልድ ገዝቼ በአራተኛው ወር፣ ሱሉልታ ላይ በበጋ አቧራ መካከል ቀይ ባለሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ መብራት በራብኝ። መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ባትሪው አብቅቷል፣ ይቀየር አለኝ። ሁለተኛው የኋላውን ፕላስቲክ ፈትቶ አየሩን ወደ ባትሪው የሚስበውን ማራገቢያ ሲያወጣው፣ በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ተደፍኖ እንደ ጭቃ ደርቆ አገኘው። ቀዳሚው ባለቤት የጤፍ ጆንያ የኋላ ወንበር ላይ እየጫነ ፍርግርጓን ሲያፍናት እንደኖረ የተረዳሁት ከጨርቁ ላይ በቀረው ምልክት ነው። ከጽዳቱ በኋላ መኪናው በዚያው ባትሪ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሄዷል። ስለዚህ መኪና ሲያዩ ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት የኋላውን በር ከፍተው ጣትዎን በፍርግርጓ ላይ ያሳልፉ፤ ከሻጩ ንግግር ይልቅ የምትነግርዎት እርሷ ናት።

ስለ ሰነድ ብዙ አልልም። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ፣ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ያጣሩ፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ። በውክልና ብቻ ሦስት አራት እጅ የዞረ መኪና ዋጋው ቢረክስም አይመከርም። ከአሜሪካ በመጣ መኪና ላይ ደግሞ ዳሽቦርዱ የሚቆጥረው በማይል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ደላላው «160,000 ብቻ ነው የሄደው» የሚልዎት መኪና በኪሎ ሜትር ከ257,000 በላይ ተጉዟል ማለት ነው።

ሞተሩን የሚያዩበት ሰዓት ትልቅ ትርጉም አለው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን መኪና ጠዋት ሳይነሳ ለማየት ይቅጠሩ፤ ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ካገኙት ምክንያቱን ይጠይቁ። በሦስተኛው ትውልድ የታወቀው በሽታ ከጭስ መመለሻው፣ ማለትም ከኢጂአር ይጀምራል፤ የማቀዝቀዣው ቀዳዳ በካርቦን ሲደፈን የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፣ ጊዜውን ጠብቆም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይበላል። የዚህ ምልክቱ በብርድ የተነሳ ሞተር ለጥቂት ሰከንዶች እንደታመመ ሰው መንቀጥቀጡና ፍሳሽ ሳይታይ ኩላንት መጉደሉ ነው፤ ሞቆ የቀረበ ሞተር ይህን ይደብቃል። እዚያው ቆመው ፍሬኑን ሳይረግጡ ያዳምጡ፤ የፍሬኑ ፓምፕ ማንም ሳይነካው በየጥቂት ሰከንዱ የሚጮህ ከሆነ፣ ከመኪናው ውድ ክፍሎች አንዱ የሆነው የፍሬን መቆጣጠሪያ ግፊት እያመለጠው ነው። የፖርቶመጋላውን ምንጣፍ ማንሳትም አይርሱ፤ በክረምት በኋላ መብራትና በበሩ ጎማ በኩል የሚገባ ውሃ እዚያ ይጠራቀምና ከአጠገቡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ያዝጋል።

ቀጥሎ በመኪናው ኮምፒውተር የተመዘገበውን ብልሽት የሚያሳይ ስካነር ያስፈልግዎታል፤ ግን ሃይብሪዱን ክፍል የሚያነብ መሆን አለበት። አንዳንድ ሻጭ ገዢ ሊመጣ ሲል የብልሽት ኮዱን አጥፍቶ ዳሽቦርዱን ንጹሕ አድርጎ ይጠብቃል። ስለዚህ ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያሳየውን መስመር ያንብቡ፤ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ መብትዎ ነው። ፍሬን ሳይረግጡ የማስነሻውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጭነው የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ ለጊዜው መብራታቸውን ማየትም ይጠቅማል፤ የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አንድ ሰው አውቆ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። የባትሪው ኮምፒውተር 28ቱን ሞጁሎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ14 ቁጥሮች ያሳያል፤ ሲያቆሙት ሁሉም እኩል ሊመስሉ ይችላሉ፣ እውነቱ የሚወጣው በጭነት ላይ ነው።

ለዚህ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን ዳገት የሚያክል የፈተና ቦታ አላውቅም። አብሮዎት የተቀመጠ ሰው ስካነሩን ይዞ እርስዎ ቤንዚን ጠበቅ አድርገው ሲወጡ፣ ከ14ቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌሎቹ በግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ወደ ታች የሚርቅ ከሆነ ያ ጥንድ እየደከመ ነው፤ ባትሪው መቀየር አለበት የሚለው ኮድ ፒ0ኤ80 ባይመጣም መንገዱን ጀምሯል። የኋላው ማራገቢያ ገና ጉዞው እንደተጀመረ በኃይል መጮህ ከጀመረም ባትሪው ከልክ በላይ ይሞቃል ማለት ነው። ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ከፍ ብሎ መጮሁ ግን አያስደንግጥዎ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ባትሪው ሞልቶ ኃይል መቀበሉን ሲያቆም ማርሹን ወደ «ቢ» ያድርጉት፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዝልዎታል፣ የፍሬን ሸራውም አይቃጠልም።

ከገዙት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ማራገቢያውን ማጽዳት ነው፤ በአቧራማ ሰፈር ለሚኖር በየስድስት ወሩ መደገም አለበት። ለመሥራት ሲነሱ መኪናውን አጥፍተው ቁልፉን አርቀው ያስቀምጡ፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ ነቅለው ከዋናው ባትሪ ላይ ብርቱካናማውን የደኅንነት መሰኪያ ያውጡና ኪስዎ ይክተቱት፣ ከዚያም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። መሰኪያው ቢወጣም በሞጁሎቹ ውስጥ ገዳይ ኃይል ይቀራል፤ ብርቱካናማ ሽቦና የባትሪው መያዣ ለ1,000 ቮልት በተሠራ ጓንት ካልሆነ አይነኩም፣ ልምዱ የሌለው ሰውም ይህን ሥራ ለሚያውቀው ይተውለት። ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ በኮምፕረሰር አየር ሲነፉ ክንፎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ይያዙ። ፍርግርጓ ላይ አቧራ ማጣሪያ ከሌለ፣ ስስ መረብ ቆርጦ መለጠፍና በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ይበቃል። መረቡ ግን ጥቅጥቅ ካለ አየሩን ራሱ ያፍነዋል፤ ኋላ የተቀመጠች እናት ጋቢዋን ወይም ቦርሳዋን ፍርግርጓ ላይ እንዳታደርግ መንገርም የሹፌሩ ድርሻ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር መኪናው «ኤን» ላይ ሲሆን ዋናው ባትሪ እንደማይሞላ ነው። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው ማርሹን «ፒ» ላይ ማድረግ ይገባዋል፤ ያኔ ባትሪው ሲጎድል ሞተሩ ራሱ ተነስቶ ይሞላዋል። ቤንዚን ጨርሶ በባትሪ ብቻ ማደያ ለመድረስ መሞከር ግን ባትሪውን የሚገድል ድፍረት ነው። ሞተሪኖም ዲናሞም የሌለው መኪና ስለሆነ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ የሚያስነሳው ኮምፒውተሩን ብቻ ነው፤ እርሱ ሲደክም ግን ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ይበራል፣ ሰውም ዋናው ባትሪ የሞተ ይመስለዋል። ከመደናገጥ በፊት በሜትር ይለኩት። በሁለቱ ትውልዶች ያለው ከኋላ፣ ተሳፋሪ ባለበት ክፍል ስለሆነ፣ ሲቀየር ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ያለው ዓይነት መሆን አለበት። መኪናውን ለወራት የሚያቆም ሰውም በየሁለት ሳምንቱ አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠራው፤ ኒኬል ባትሪ ቆሞ ራሱን ያራግፋል።

የቀረው ከሌላው መኪና ብዙ አይለይም። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ቦታ ቶሎ ቶሎ ይታያል፤ የካምቢዮው ዘይት «ዕድሜ ልክ» ነው ቢባልም በየ100,000 ኪሎ ሜትር የቶዮታ ደብልዩ ኤስ ይቀየርለታል። የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር የራሱ ኩላንትና ፓምፕ አለው፤ በሁለተኛው ትውልድ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት በርቶ ሳለ የማጠራቀሚያውን ክዳን ሲከፍቱ ፈሳሹ ሲናወጥ ካላዩ ፓምፑ ቆሟል። የአየር ማቀዝቀዣውን ኮምፕረሰር የሚያዞረው ከፍተኛ ቮልት ስለሆነ፣ ጋዝ የሚሞላው ሰው ለተራ መኪና የሚጨመረውን ዘይት ከጨመረበት ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ማምለጥ ይጀምርና መኪናው አልነሳም ይላል፤ የሚሠራበትን ዘይት ዓይነት ሳይነግሩት እንዳይሞላልዎ።

ባትሪው በእርግጥ ሲያበቃ ጋራዡ አንድ ሁለት ሞጁል ቀይሮ ሊመልስልዎ ይፈልጋል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ግን አዲስ የገባው ሞጁል ከደከሙት 26 ጋር እኩል መሥራት ስለማይችል ከወራት በኋላ ሌላው ይወድቃል፤ ለመሸጥ ላሰበ ካልሆነ አልመክረውም። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ሙሉ ባትሪ ሲያገኙም ሞጁል በሞጁል በጭነት ይለካ። የትኛውንም ቢመርጡ፣ ባትሪው ተከፍቶ ሳለ ሞጁሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ ቁራጮች አረንጓዴ ዝገታቸው ይፈቅ፣ ማራገቢያውና እስከ ፍርግርጓ ያለው የአየር መተላለፊያ ቱቦም ይታጠብ፤ ይህ ሥራ በሂሳቡ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ ይጠይቁ፣ ክዳኑም እርስዎ ሳያዩት አይዘጋ።