ለፕራይቬሲ ፖሊሲ ከመክፈላችሁ በፊት

ድረ ገጻችሁ በዎርድፕረስ የተሠራ ነው? እንግዲያው የፕራይቬሲ ፖሊሲ (የጎብኚዎችን መረጃ እንዴት እንደምትይዙ የሚገልጽ ጽሑፍ) ለሚጽፍ ሶፍትዌር ቶሎ አትክፈሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዎርድፕረስ ራሱ ረቂቅ በነጻ ይሰጣል። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ንኩ።

ረቂቁን ግን እንዳለ እንዳትለጥፉት። መጀመሪያ ድረ ገጹ ከሰው ምን እንደሚወስድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የኮንታክት ፎርም አለ? ጎብኚዎችን የሚቆጥረው ጉግል አናሊቲክስ? ለማስታወቂያ ጎብኚዎችን የምትከታተለው ኮድ፣ የፌስቡክ ፒክስል? (ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።) ከዚያ አንድ በአንድ ከረቂቁ ጋር አስተያዩ። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይመለከታችሁን አጥፉ። እኔ አንዴ ምንም ሳልሸጥ «የካርድ መረጃ እንሰበስባለን» ብዬ ለጥፌ ቁጭ ብያለሁ!

ፖሊሲ የሚጽፉት የውጭ አገር ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚያስቡት ለአውሮፓና ለካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ደንበኞቻችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ጎን ለጎን ክፈቱት።