ከዱባይ እስከ ባቲ ገበያ፦ እናቴን በርካሽ ያገኘሁበት መንገድ

ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የገባሁ ዕለት ማታ፣ በአገር ቤቱ ሲም ለእናቴ ደወልኩ። በወሎ ከብቱ፣ ጎረቤቱና ዝናቡ ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም። ሰላምታውን ሳንጨርስ ሂሳቤ አለቀ፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሆዴ ባባ።

በማግስቱ በዋትስአፕ ሞከርኩ፤ አልሠራም። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ቀን ስነካካው ዋልኩ። ለካ በኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ የተዘጋ ነው፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። ለጥሪ ከተፈቀዱት መተግበሪያዎች አንዱ ቦቲም ነው።

ችግሩ እናቴ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች፤ የእህቴ ልጅም እዚያው ሱቅ አለው። እሱ ቦቲምን ስልኩ ላይ ጫነ፣ እኔ የሆቴሉን ዋይፋይ ያዝኩ፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ፊቷን እያየሁ አወራን። ቀጠሮ ስትይዙ ዱባይ በ1 ሰዓት እንደምትቀድመን አትርሱ።

ኔትወርኩ ሲያስቸግር በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እንለዋወጣለን። ይህን ከጥሪውም አብልጬ ወድጄዋለሁ፤ በእህቴ ልጅ ስልክ ምርቃቷን ቀድታ ልካልኝ፣ ማታ ማታ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።