አሜሪካ ዳኮታ ያላችሁ፣ ብሊዛርዱ (የበረዶ አውሎ ንፋሱ) ሳይደርስ ይሄን አድርጉ
ገና ኦክቶበር ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ብሊዛርድ የሚባለው በረዶው ስለበዛ አይደለም፣ ንፋሱ በሰዓት 56 ኪሎሜትር ደርሶ 400 ሜትር እንኳ አላሳይ ሲልና ይሄ 3 ሰዓት ሲቆይ ነው። በጊዜ ሲመጣ ደሞ ይብሳል፣ ዛፉ ቅጠሉን ስላላራገፈ እርጥቡ በረዶ ሲጫነው ተሰብሮ የመብራት ገመድ ላይ ይወድቃል። 2013 ኦክቶበር ሳውዝ ዳኮታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብት ያለቀው የብርዱን ጸጉር ሳያበቅል መጀመሪያ ዝናብ አበስብሶት ከዛ በረዶው ስለደረሰበት ነው።

ዛሬውኑ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ውሃ፣ መድሃኒት፣ ሳይበስል የሚበላ ምግብ ያዙ። ጀነሬተር ውጪ ብቻ፣ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን በፍጹም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም ሰው እንደተኛ ይቀራል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመንገድ ሁኔታ የሚነገርበት 511 ላይ ደውሉ፣ ኢንተርስቴቱ (ዋናው አውራ ጎዳና) ከተዘጋ በቃ ቅሩ። መንገድ ላይ ከያዛችሁ ግን መኪናውን ጥላችሁ በእግር እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ፣ አስር እርምጃ ሄዶ መመለሻው የሚጠፋበት ሰው አለ። ጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱና ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ። ብርድ ልብስና አካፋ አሁኑኑ መኪናው ውስጥ ክተቱ።