ወርቅን በግራፊን ላይ እንዴት እናሳድጋለን?

ግራፊን ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ከግራፋይት ላይ የላጡት በተራ ተለጣፊ ፕላስተር ነበር። እኛም ከዚያው እንጀምር።

ፕላስተሩን ግራፋይት ላይ ለጥፉና አላቁት። የያዘውን ስስ ቅርፊት በራሱ ላይ እያጠፋችሁ ደጋግማችሁ ላጡት፤ ከዚያም 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የኦክሳይድ ሽፋን ባለው የሲሊከን ገበታ ላይ ተጭናችሁ አንሱት። በዚህ ሽፋን ላይ ነጠላው ንጣፍ እንኳን በተራ ማይክሮስኮፕ በቀለሙ ይለያል።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። አደራ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ! የፕላስተሩ ሙጫ ከቀረ ወርቁ ሙጫው ላይ ይታሰራል፤ ኋላ የምታዩት የሙጫውን ካርታ እንጂ የግራፊንን ጠባይ አይሆንም። ገበታውን ሃይድሮጅንና አርጎን በሚያልፍበት ምድጃ ውስጥ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቁት።

አሁን ገበታውን በቫክዩም ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከሥሩ በቱንግስተን መያዣ ላይ ቁራጭ የወርቅ ሽቦ አስቀምጡ። የውስጡ ግፊት ከውጪው አየር አንድ ቢሊዮንኛ እስኪሆን አየሩን ምጠጡ። መያዣውን የሚያግለውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ ሲግል ይተናል። ያረፈውን ወርቅ ውፍረት የሚለካው የኳርትዝ መለኪያ ግማሽ ናኖሜትር ሲያሳይ ዝጉ።

በዚያች ቅጽበት ገበታው ላይ የሚሆነው ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል። ያረፈው የወርቅ አቶም ከካርቦኑ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ስለሆነ ባረፈበት አይረጋም፤ ይንሸራተታል። ሌላ የወርቅ አቶም ሲያገኝ ግን ይጣበቃል፣ ሦስተኛም ይጨመራል፤ እንዲህ እያለ ወርቁ እንደ ንጣፍ ከመዘርጋት ይልቅ በጎደሬ ቅጠል ላይ እንደሚሰበሰብ የውሃ ጠብታ ጉብ ጉብ ይላል። ታይታኒየም እንዲህ አይደለም፤ ካርቦኑን አጥብቆ ይይዛል። ግራፊን ላይ የወርቅ ሽቦ የሚዘረጉ መሐንዲሶች አስቀድመው ስስ ታይታኒየም ወይም ክሮሚየም የሚያነጥፉት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ገበታውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። ወርቁ የግራፊኑን ጠርዝና ስንጥቅ እየተከተለ በመስመር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ ተንሸራታቹ አቶም የሚያዘው እዚያ ነውና። ነጠላው ንጣፍ ብዙ ንጣፎች ከተደራረቡበት ከወፍራሙ ጋር የሚዋሰንበትን ቦታም ፈልጉ። በነጠላው ላይ የወርቁ ጉብታዎች ትናንሽና የተጠጋጉ፣ በወፍራሙ ላይ ትላልቅና የተራራቁ ሆነው ታዩዋቸዋላችሁ።