«ኢንጆይን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሲተረጉሙና ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኢንጆይን» ከሰፈር ወሬ ውስጥ አይገኝም። መኖሪያው የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የሃይማኖት ጽሑፍና ጠንከር ያለ የሥራ ደብዳቤ ነው። አስቸጋሪነቱ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ መያዙ ነው፤ አንዴ «አድርግ» ብሎ ያዛል፣ አንዴ «እንዳታደርግ» ብሎ ያግዳል። ምንጩ የላቲኑ «ኢንጁንጌሬ» ሲሆን በሰው ላይ ግዴታ መጫንን ያመለክታል። የሚጫነው ግዴታ መሥራትም መተውም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ፍቺዎች ከአንድ ሥር በቀሉ።

ባዩት ቁጥር «አዘዘ» ማለት

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስህተት ነው። ግሱን ከመተርጎም በፊት ከኋላው የመጣውን መስተዋድድ ማየት ያስፈልጋል። «ኢንጆይንድ ሂም ቱ ፔይ» ከሆነ እንዲከፍል ታዟል። «ኢንጆይንድ ሂም ፍሮም ሴሊንግ ዘ ሃውስ» ከሆነ ግን ቤቱን እንዳይሸጥ ታግዷል። «ቱ» ያዛል፣ «ፍሮም» ያግዳል።

የአሜሪካዋን የኮሎራዶ ግዛት የጋብቻ ፍቺ ሕግ እንውሰድ፤ በዴንቨርና በአውሮራ ብዙ የአገራችን ሰዎች ስለሚኖሩ ሰነዱ ለአማርኛ አስተርጓሚዎች እንግዳ አይደለም። የፍቺ አቤቱታ ቀርቦ ለሌላኛው ወገን እንደደረሰ በሁለቱም ባልና ሚስት ላይ ጊዜያዊ እግድ በራሱ ይጸናል። የጋራ ንብረት ያለ ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማዛወርና መደበቅ፣ እንዲሁም ልጆችን ከግዛቱ ማውጣት ይከለከላል። አንዱ የሌላውን ሰላም እንዳያውክ የሚከለክለው ሐረግ የሚጀምረው «ኢንጆይንድ ፍሮም» በሚል ነው። እዚህ ላይ «ታዘዋል» ብሎ የጀመረ ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን ወይ ይገለብጠዋል፣ ወይ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ፍርድ ቤትም «በትክክል አልተተረጎመልኝም» የሚል ምክንያትን በቀላሉ አይቀበልም።

መስተዋድድ ሲጠፋ መገመት

ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንይ፦ «ዘ ሩል ኢንጆይንስ ሳይለንስ» እና «ዘ ጀጅ ኢንጆይንድ ዘ ፖሊሲ»። አሠራራቸው አንድ ነው፤ ፍቺያቸው ግን ይቃረናል። የመጀመሪያው ደንቡ ዝምታን ያዛል ሲል ሁለተኛው ዳኛው መመሪያውን አገደ ይላል። የሚለያቸው ባለቤቱና ተሳቢው ነው። ባለቤቱ ሃይማኖት፣ ደንብ ወይም ባህል፣ ተሳቢውም ጾምን፣ ትዕግሥትን ወይም ዝምታን የመሰለ ተግባር ከሆነ ትእዛዝ ነው። በእስልምና የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የሚደጋገመው «ኢንጆይኒንግ ጉድ» በበጎ ነገር ማዘዝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ባለቤቱ ዳኛ ወይም ፍርድ ቤት፣ ተሳቢውም የመንግሥት መመሪያ ወይም ውሳኔ ሲሆን ግን ፍቺው እገዳ ነው።

ተሳቢው ራሱ «ማቋረጥ» ሲሆን የባሰ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2018 በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል ዳኛ ለሱዳን፣ ለሄይቲ፣ ለኒካራጓና ለኤል ሳልቫዶር ዜጎች የተሰጠው ቲፒኤስ የተባለው ጊዜያዊ ከለላ እንዳይቋረጥ አገደ። የታገደው ማቋረጡ እንጂ ከለላው አይደለም። «ኢንጆይንድ» እና «ቲፒኤስ» የሚሉትን ብቻ ለቅሞ «ዳኛው ከለላውን አገደ» ብሎ የሚያወራ ሰው ዜናውን ይገለብጠዋል።

እግዱን የመጨረሻ ፍርድ ማስመሰል

ከግሱ የሚወጣው ስም «ኢንጀንክሽን» ነው። «ፕሪሊሚነሪ ኢንጀንክሽን» ዋናው ክርክር እስኪያልቅ የሚቆይ ጊዜያዊ እግድ ነው። «ቴምፖራሪ ሪስትሬይኒንግ ኦርደር» ደግሞ ከዚያ ያጠረ ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሳሹ ሳይሰማ ከተሰጠ፣ ካልተራዘመ በቀር፣ ዕድሜው ቢበዛ 14 ቀን ነው። ስለዚህ በአማርኛው «ለጊዜው» የምትለው ቃል መቅረት የለባትም። በአገራችን የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ስለ ጊዜያዊ እግድ ስለሚናገር የሕግ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል።

በሌላ በኩል «ኢንጀንክሽን» ሁሉ እግድ አይደለም። «ማንዳቶሪ» የሚል ቅጽል ከቀደመው አድርግ የሚል ትእዛዝ ነው፤ በጎረቤት መሬት ላይ የተሠራን አጥር አፍርስ እንደሚለው።

የአማርኛን አገባብ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር

«ምእመናኑ እንዲጾሙ» የሚለው «እንዲ» ጸሐፊውን ወደ «ዛት» ይገፋዋል። ስህተት አይደለም፤ ግን ከ«ዛት» በኋላ የሚመጣው ግስ ያለ ቅጥያ ነው፦ እንዲጠብቅ አዘዘ ለማለት «ኢንጆይንድ ዛት ሂ ዌይት» እንጂ «ዌይትስ» አይባልም። «ሂም ቱ ዌይት» ይቀላል። የታዘዘው ነገር ሲቀድም ደግሞ ሰውየው በ«ኦን» ወይም በ«አፖን» ይከተላል፦ «ኢንጆይንስ ፋስቲንግ ኦን ኢትስ ፎሎወርስ»። «ለተከታዮቹ» ብለን ስለምናስብ «ፎር» ማለት ይቀናናል፤ አይሆንም።

ቦታው ያልሆነ ጋ መጠቀም

«እናቴ ዕቃ እንዳጥብ ነገረችኝ» ለማለት «ኢንጆይንድ» ማለት ሰው ያስቃል፤ «ቶልድ» ይበቃል። ለወታደራዊ ትእዛዝም «ኦርደርድ» አለ። ከፍርድ ቤት ውጭ «ኢንጆይን» ሥልጣን ወይም ክብር ያለው አካል አጥብቆ ሲያሳስብ የሚባል ስለሆነ፣ ሐኪም ዕረፍትን «ኢንጆይንድ» ከተባለ «ዕረፍት እንዲያደርግ አጥብቆ አሳሰበው» ከደረቁ «አዘዘው» ይሻላል።

ድምፅና ፊደል

ጠበቅ ተደርጎ የሚነበበው ሁለተኛው ክፍል፣ «ጆይን» ነው። መጨረሻው «ን» ከተዋጠ «ኢንጆይ» ይሆንና እገዳው መደሰት ይሆናል፤ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ከተጠራጠረ ቃሉ እንዲደገምለት ይጠይቅ። በጽሑፍ ግሱ በ«ኢ» ፊደል፣ ስሙ «ኢንጀንክሽን» ደግሞ በ«አይ» ፊደል ይጀምራል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጎን ለጎን አይገኙም።